የልጄ ጆሮ ፈሰሰ ብዬ ብጠይቅ 61 መልስ መጣ

ነሐሴ አጋማሽ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፏል። ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ባለቤቴ የማታ ፈረቃ ገብታለች። ልጄ ሲያለቅስ አምሽቶ ድንገት ዝም አለ። ተመስገን ብዬ ላስተካክለው ቀና ሳደርገው ትራሱ ላይ ቢጫ እርጥበት አየሁ። ከቀኝ ጆሮው የወጣ ነው።

ስልኬን አነሳሁና ወላጆች የሚወያዩበት መድረክ ላይ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 2 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ጆሮውን ያመዋል። ከሰኔ ወዲህ ይሄ ሦስተኛው ነው። ዛሬ ማታ ደግሞ መግል የመሰለ ነገር ፈሰሰው። ትኩሳቱ 38.4 ነው። ባለፈው ወር ከፋርማሲ የገዛሁት የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ግማሹ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ልስጠው ወይስ እስኪነጋ ልጠብቅ? ያለሁት ባሕር ዳር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልተርክላችሁ። መልሶቹን ቃል በቃል አላስቀምጥም። አንዳንዶቹን የጻፏቸው ሰዎች ራሳቸው ዛሬ ቢያነቧቸው የሚያፍሩባቸው ይመስለኛል።

1ኛው መልስ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መጣ። እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ የሚል ነው። 2ኛው አሜን ብሎ የወይራ ዘይት ሞቅ አድርጌ ሁለት ጠብታ እንዳደርግበት መከረኝ። እሱም እህቴ ነው ያለኝ። 3ኛዋ ዕድሜያቸው ጠና ያለ እናት ናቸው። ጤና አዳም ጨምቄ እንዳንጠባጥብበት ነገሩኝ። ስድስት ልጆች አሳድገዋል፤ ስድስቱም የዳኑት በጤና አዳም ነው። አጻጻፋቸው ደስ ይላል። በየአረፍተ ነገሩ መሀል ልጄ፣ እናቴ ይሉኛል። እውነቱን ልናገር፣ ለጥቂት ደቂቃ ያህል ጓሮ ወርጄ ጤና አዳም ልቀነጥስ አስቤ ነበር።

ያቆመኝ 4ኛው መልስ ነው። የጻፈችው በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። የሚፈስ ጆሮ ውስጥ ምንም ነገር አይጨመርም ብላ ጀመረች። ዘይትም፣ ጤና አዳምም፣ የጡት ወተትም፣ ቤት ውስጥ የተረፈ ጠብታም። ምክንያቱን ቀጠለች። ጆሮው ፈሰሰ ማለት ታምቡሩ ተቀዷል ማለት ነው። ከታምቡሩ ጀርባ የተጠራቀመው መግል ገፍቶ ገፍቶ ቀዶ ወጣ። ልጁ ድንገት ዝም ያለውም ለዚህ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ሕመሙ ይቀንሳል። አሁን የምትጨምሪበት ነገር በቀዳዳው አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። የጆሮ ጠብታ ነው ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥም እንዲህ ሲገባ መስማትን የሚጎዳ አለ።

ሽሮፑን በተመለከተ ደግሞ መልሷ አጭር ነበር፦ ይደፋ። በውሃ የተበጠበጠ አሞክሳሲሊን እንደ ዓይነቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው የሚቆየው። ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥም ወር አይሞላም። ለዛሬ ሌሊት ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ ልስጠው፤ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ሲነጋ ጤና ጣቢያ ልውሰደው። ከጆሮው ጀርባ ያለው አጥንት ካበጠና ሲነኩት ካመመው፣ ወይም ጆሮው ወደ ፊት ከተገፋ ግን መንጋቱን ልጠብቅ አይባልም፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው። ጀርባውን በባትሪ አየሁት። ምንም አልነበረም።

5ኛው ምች ነው አለ። ዳማከሴ። ይሄ ሰውዬ በመድረኩ ላይ ለሁሉም ነገር ዳማከሴ ስለሚያዝ ማንም መልስ አልሰጠውም። 6ኛው ጆሮ ደግፍ መሆኑን ጠረጠረ። ነርሷ ተመልሳ በአንድ መስመር ዘጋችው፤ ጆሮ ደግፍ ጉንጭና መንጋጋ ሥር ያሳብጣል እንጂ መግል አያፈስም።

7ኛው መልስ የራሴ ነው። አመሰገንኩና እህታችሁ ሳልሆን ወንድማችሁ ነኝ ብዬ አረምኳቸው። ከ8 እስከ 11 ያሉት የሳቅ ናቸው። አንዱ እናትየው የት ሄዳ ነው አባት በሌሊት የሚጨነቀው ብሎ ጠየቀ። አንዲት ሴት ደግሞ አባት ሲጨነቅ ማየት እንዲህ ብርቅ የሆነበት ቤት ያሳዝነኛል ብላ አፉን አስያዘችው።

ሲነጋ ጤና ጣቢያ ሄድን። ጤና መኮንኑ በጆሮ ማያ መብራቱ አየውና አዲስ አሞክሳሲሊን በቀን ሁለቴ ለ5 ቀን አዘዘለት። ፈሳሹን ማድረቅም አሳየኝ። ንጹሕና ውሃ የሚመጥ የጥጥ ጨርቅ ጫፉን እንደ ጧፍ ክር ትጠመዝዛለህ። ጆሮው ውስጥ ታደርገዋለህ። ሲርስ አውጥተህ በሌላ ትተካለህ። ደርቆ እስኪወጣ። በቀን ሦስት ጊዜ። በእንጨት ላይ የተጠቀለለው ጥጥ አይሆንም፤ እሱ የሚገፋ እንጂ የሚመጥ አይደለም። ቀላል ይመስላል። የ2 ዓመት ልጅን ጭንቅላት በአንድ እጅ ይዛችሁ ሞክሩት።

እኔ በዚህ ስጠመድ የመድረኩ የውይይት ክር ያለ እኔ ሄደ። ማታ ስከፍተው 12ኛው ላይ አንድ የሕክምና ተማሪ ረጅም ማብራሪያ ጽፏል። ከአፍንጫ ጀርባ ተነስታ ወደ መካከለኛው ጆሮ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች። አየር የምታስገባው፣ ፈሳሽ የምታስወጣው እሷ ናት። በትልቅ ሰው ላይ ረዘም ብላ ወደ ታች ዘንበል ትላለች። በሕፃን ላይ ግን አጭርና ጋደም ያለች ናት። ስለዚህ ጉንፋን ሲያሳብጣት ትዘጋለች፤ ፈሳሹ እዚያው ይታቆራል፤ ከአፍንጫ የመጣው ተህዋስ ይራባበታል። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያሉት በጣም የሚጠቁት ለዚህ ነው። ልጁ ሲያድግ ቱቦዋም ትስተካከላለች። ሕፃንን አጋድሞ ጡጦ ማጥባትም ያባብሳል። የምድጃና የሲጋራ ጭስም እንደዚሁ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ የጠባ ልጅ ይሻለዋል። ግልጽ አድርጎ ነው የጻፈው። መጨረሻ ላይ ፈተናው ሰኞ ስለሆነ ጸልዩልኝ አለ፤ ሰባት ሰዎች ጸለዩለት።

13ኛው የፋርማሲ ሠራተኛ ነው። ወላጆች ያለ ሐኪም ወረቀት መጥተው አሞክሳ ስጠን እያሉ እንደሚያስቸግሩት አማረረ። አልሰጥም ሲላቸው ቀጣዩ በር ላይ ይገዛሉ። 14ኛው አለቀቀውም። የምትሸጡት እናንተ፣ የምትወቅሱት እኛን አለው። እኔ ዝም አልኩ። የፍሪጁን ጠርሙስ ያለ ወረቀት የገዛሁት ነኝና የየትኛውን ጎን እደግፋለሁ? ነገሩ እስከ 16 ድረስ እየከረረ ሄደ። ስድብም ነበረበት፤ አስተባባሪው አጥፍቶታል።

17ኛዋ ውጭ አገር የምትኖር የባሕር ዳር ልጅ ናት። የ3 ዓመት ልጇ ጆሮውን ሲያመው ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ብቻ ሰጥቶ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቂ ብሎ መለሳት። ተናዳ ነበር የወጣችው። በሦስተኛው ቀን ልጁ ያለ አንቲባዮቲክ ዳነ። ሁላችሁም መድኃኒት ቀንሱ የሚል ድምፅ ነበረው መልሷ።

18ኛው መልስ ከደቅ ደሴት ነው የመጣው። ከክሩ ሁሉ እኔን የነካኝ አንዱ ይሄ ነው። ትሕትና ያለው ሰው ነው፤ ነገሩን ግን አልሸፋፈነውም። የእናንተ ሐኪም ሁለት ቀን ጠብቂ ሲልሽ፣ በሦስተኛው ቀን ቢብስበት በመኪና ትደርሻለሽ አላት። እኛ ዘንድ ጀልባ በፈለግነው ሰዓት አይነሳም። ሐይቁ ሲነሳበት ደግሞ የሚነሳም አይነሳም። ሌሊት ልጁ ቢንቀጠቀጥ ያለን ውሃ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ተጉዤ ሐኪም ዘንድ ደርሼ ባዶ እጄን ልመለስ?

እሷም መልሳ ይቅርታ ጠየቀች። ነርሷ 20 ላይ ገብታ መሀል ላይ አስቀመጠችው። መጠበቁ እውነት ነው፤ አብዛኛው የጆሮ ሕመም በሦስት ቀን ራሱ ይሽራል። ግን ለሁሉም አይደለም። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን አይጠበቅም። ከ2 ዓመት በታች ሆኖ ሁለቱንም ጆሮ ያመመው አይጠበቅም። ትኩሳቱ 39 የደረሰ፣ ሕመሙ የበረታ፣ ጆሮው የሚፈስ አይጠበቅም። ተመልሶ መምጣት የማይችል ሰውም አይጠበቅበትም አለች። ይቺን የመጨረሻዋን ለደቁ ሰውዬ ብላ የጨመረቻት ይመስለኛል። ሌላም አከለች። መፍሰሱ 14 ቀን ከሞላው ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚዋጠው መድኃኒት ብዙም አይረዳም። ማድረቁና ሐኪም የሚያዝዘው ተስማሚ ጠብታ ነው የሚያድነው።

21ኛው ክትባት ነው ልጆቻችንን ያሳመመው አለ። የሳንባ ምች ክትባት እኮ ከጆሮ መግል ዋና ተህዋሲዎች አንዱን ነው የሚከላከለው ብሎ የሕክምና ተማሪው መለሰለት። እዚህ አገር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት። ሁሉንም የጆሮ ሕመም አያስቀርም፤ ይቀንሳል። ሰውዬው አልተመለሰም።

23ኛው ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አንድ ሰው፣ እንደ ቀልድም እንደ ምክርም አድርጎ፣ እንጥሉ ወርዶ ነው፤ የሚቆርጡ ሰው አሉ፤ ውሰደው ብሎ ጻፈ። ሰፈሩን ሁሉ ጠቅሶ።

ከ24 እስከ 27 የመጡት ቁጣ ናቸው። አረመኔ ያለውም አለ። 28ኛዋ ግን አልተቆጣችም። የራሷን ነገረችን። አምስት ዓመቷ ነበር። ሳል በዝቶባታል፣ ጆሮዋንም ያማታል። አያቷ በፍቅር አዝለው ወሰዷት። የያዟትን እጆች ታስታውሳለች፤ የደሙን ጣዕም ታስታውሳለች። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ አልዋጥ አላት። ጆሮዋ ግን እንደ ድሮው ማመሙን ቀጠለ፤ እንጥልና ጆሮ ምን አገናኛቸው? በዚያው ወር በዚያው ምላጭ የተቆረጠ የጎረቤት ልጅ ደም አልቆም ብሎት ሞተ። አያቷን እስከ ዛሬ ትወዳቸዋለች። ይሄን ብላ ጨረሰች። ከእሷ በኋላ ለሰዓታት ማንም አልጻፈም። 23ን የጻፈው ሰው መልሱን አጥፍቶ አገኘሁት።

በማግሥቱ ዝምታውን የሰበረው አንድ ወጣት ነው። ልጁን ጣና ዳር አትጠበው፣ የሐይቁ ውሃ ነው ጆሮውን ያመገለው አለ። አንዱ አረመው። የመካከለኛው ጆሮ ሕመም ከአፍንጫ በኩል እንጂ ከውጭ በገባ ውሃ አይመጣም። ውሃ የሚያመጣው የጆሮ ቦይ ቁስለት ሌላ ነው፤ እሱ ጆሮውን ሲስቡት ያማል። ታምቡሩ የተቀደደ ልጅ ግን እስኪደርቅ ውሃ እንዳይገባበት መጠንቀቅ አለበት። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቀጣዩ ሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ እንዳለ አስታወሰ። ከእሱ ቀጥሎ እምቦጭ መጣ። ከእምቦጭ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ቆሮሶ ዋጋ። የልጄ ጆሮ ጠፋ። 34ኛው መልስ ላይ ሁለት ሰዎች ዓሣ ጉላሽ የትኛው ሰፈር ይሻላል በሚል ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔም ሐሳቤን ሰጠሁ፤ አልክድም።

35ኛው መልሰን ሕመም ላይ አቆመን፤ ሳይነስ ነው አለ። እዚህ አገር ራሱን ያመመው ሁሉ ሳይነስ ነው። ግንባር ሲከብድ ሳይነስ፣ ብርድ ሲመታ ሳይነስ። የሕክምና ተማሪው፣ ፈተናው አልፎ ሳይሆን አይቀርም፣ ዘና ብሎ መለሰ። የግንባሩ ሳይነስ በ2 ዓመት ልጅ ላይ ገና የለም፤ መታየት የሚጀምረው ከ6 ከ7 ዓመት ወዲህ ነው። የጉንጩና በዓይኖች መካከል ያለው ግን ከልደት ጀምሮ አለ፤ ስለዚህ ሕፃንም ሊይዘው ይችላል። የሚጠረጠረው ንፍጡና ሳሉ ምንም ሳይሻለው ከ10 ቀን ሲያልፍ ነው፤ ወይም ተሽሎት ከቆየ በኋላ እንደ አዲስ ሲያገረሽና ትኩሳት ሲጨምር። ንፍጡ አረንጓዴ ሆነ ብሎ ወደ ፋርማሲ መሮጥ አያስፈልግም፤ ተራ ጉንፋንም መሀል ላይ አረንጓዴ ይሆናል። ዓይኑ ዙሪያ ካበጠ ግን ቶሎ ሐኪም ዘንድ ነው። ይሄ ምክር ስንት እናት አዳነ ያሉ ነበሩ። አባት የሚባል ነገር አሁንም ትዝ አላላቸውም።

38ኛው መልስ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ስለ መድኃኒት አንድም ቃል አልጻፈችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከጀርባው ሆነህ ስትጠራው ይሰማል ወይ?

ምክንያቷን ጻፈች። ክፍሏ ውስጥ አንድ ልጅ ነበራት። ረባሽ ነው ተብሎ ኋላ ተቀመጠ። ኋላ ሲቀመጥ ጭራሽ ባሰበት። ወላጆቹ ይቀጡታል። እሷም ትቀጣው ነበር፤ አልደበቀችም። ኋላ ሲመረመር በሁለቱም ጆሮው ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ታቁሮ ተገኘ። አያምም፣ አያስለቅስም፣ አያተኩስም። ሰው ሁሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ያህል ብቻ ነው የሚሰማው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ስልኩን አስቀመጥኩ።

እኛ ቤት አንድ አባባል አለ። ልጁን ና ስንለው ሳይመጣ ሲቀር፣ ይሄ ልጅ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል እንላለን። ከግንቦት ወዲህ በቀን አሥር ጊዜ ብለናል። ጆሮ የለህም እንዴ ብዬም ጮኬበታለሁ። ቴሌቪዥኑ ሥር የሚለጠፈው አመል ሆኖበት መስሎን ነበር። ቃላቱ ከታላቅ እህቱ ያነሱት ወንድ ልጅ ስለሚዘገይ ነው ብላን ነበር አማቴ።

ልጁ መሬት ላይ መኪናውን እየገፋ ይጫወት ነበር። ጥላዬ እንዳይታየው ከኋላው ቆምኩ። በተለመደው ድምፅ ስሙን ጠራሁ። መኪናውን ገፋ። ደግሜ ጠራሁ። የብስኩት ላስቲክ አንኮሻኮሽኩ፤ ለብስኩት ነፍሱን የሚሰጥ ልጅ ነው። ዞር አላለም። እህቱ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። አባዬ አይሰማህም እኮ፣ ፊቱ ሂድ አለችኝ። እሷ ለካ ሁልጊዜ ፊቱ ሄዳ ነው የምታወራው።

ይሄን 41ኛ መልስ አድርጌ ጻፍኩት። ከዚያ የመጡት አጫጭር ናቸው። አይዞህ የሚሉ። አንዱ እንዴት አባት ይሄን አያይም ብሎ ነቀፈኝ፤ ሦስት ሰዎች መለሱለት። እኔ አልመለስኩም። ምን ብዬ?

መድኃኒቱን ሲጨርስ በቀጠሮው ተመለስን። የቀኙ ደርቋል። ስለ መስማቱ ስነግረው ጤና መኮንኑ ሪፈር ጻፈልን። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሟ በግራው ጆሮ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ አገኘች። ያ ጆሮ ፈሶ አያውቅም፤ በዚህ ወር አምሞትም አያውቅም። አንቲባዮቲክ አላዘዘችም። እንዲህ ያለው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል አለች። ካልጠፋ የመስማት ምርመራ ይደረግለታል፤ ቀጥሎ ያለውን ያኔ እናያለን። እስከዚያ ፊት ለፊት፣ ቀረብ ብላችሁ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ አውሩት። ከሰሉ ከበር ውጭ ይቀጣጠል። ቀጠሯችን ኅዳር ነው።

ይሄን 52 ላይ ሪፖርት አደረግሁ። 53ኛው ዳማከሴ ነው፤ አልተውንም። የደቁ ሰውዬ 55 ላይ ለወንድሙ ልጅ የጨርቁን አጠማዘዝ ጠየቀኝ። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ኔትወርክ ሲያገኝ ከሁለት ቀን በኋላ አመሰገነኝ፤ የልጁ ጆሮ ለአንድ ወር ያህል ሲፈስ የቆየ መሆኑን ሲነግረኝ ነርሷን ጠራሁለት። በቀጣዩ የገበያ ጀልባ ይዘውት እንዲመጡ ተስማሙ።

58 ላይ የጤና አዳሟ እናት ተመለሱ። ልጁ እንዴት ሆነ ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፤ መረቁኝ። ከምርቃቱ ቀጥሎ ጤና አዳሙን ብታደርግበት ኖሮ እስከ ኅዳር አያቆይህም ነበር አሉ። ነርሷ 59 ላይ መልስ ጀምራ ተወችው። ሦስት ነጥብ ብቻ ነው የለጠፈችው። 60 ላይ የሕክምና ተማሪው ማለፉን ነገረን።

61ኛው አዲስ ሰው ነው። ከላይ ያለውን አንድም እንዳላነበበ ያስታውቃል። የ11 ወር ሕፃን ጆሮ እየፈሰሰ ነው፤ ዘይት ሞቅ ተደርጎ ይጨመራል ወይ? ሰዓቱን አየሁት፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ምንም አትጨምሪ እህቴ፣ 4ን፣ 20ን እና 38ን አንብቢ፣ ሲነጋ ጤና ጣቢያ ውሰጂው ብዬ ጻፍኩ።

አመሰገነኝ። ወንድ ነኝ አለኝ።